እግሩን ያነሣው ፈረስ

ይድረስ ለልጄ ለሌንሳ፤ በሰው አገር እንቅፋት አይምታሽ። ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም።

አቃቂን ባጃጅ ሞልቷት ጋሪ ጠፋ። አባትሽ ለጋሪ ፈረስ የብረት ጫማ መምታት ካቆመ መንፈቅ ሆነው፤ መዶሻውን ግን በየቀኑ ይወለውላል። ማክሰኞ፣ ባለቤቱ አርጅቷል ብሎ አስፋልት ዳር የጣለው ፈረስ ብቻውን ደጃችን መጣና እንደ ልማዱ እግሩን አነሣለት። አባትሽ ኮቴውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ያለቀውን ብረት ነቀለና፣ «ከእንግዲህ ለማን ብለህ ትጫማለህ?» አለው። ፈረሱ ወዴትም አልሄደም፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል፤ አባትሽም አጠገቡ ይውላል።

የያዝሽው ይቅናሽ፣ በሕይወት ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትደውዪ «ሥራ እንዴት ነው?» አትበዪው። «ጥሩ ነው» ይልሽና ያን ቀን እህል አይቀምስም።

እናትሽ አደሴ