ሳይገባኝ የፈረምኩት

ሰኞ ጥር 4፣ ማታ
የመለዋወጫ ሱቄን ዘጋሁ። የባጃጅ ጎማ አልቋል፣ ነገ ይታዘዝ። ልጄ ምህረት ፊዚክስ ይዛ ጓሮ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ዘጠነኛ ከገባች ወዲህ ውጤቷ ወረደ። እስከ ስምንተኛ በግል ት/ቤት ጎበዝ የምትባል ልጅ ነበረች። የሚያሳስበኝን ልቁጠርልህ ደብተሬ፦
1. ፊዚክስ።
2. ተማሪው ብዙ፣ መጽሐፉ አንዱ ለሦስት።
3. መ/ር ማርቆስ።
የፊዚክስ መምህሯ ነው። አዲስ ነገር አምጥቷል። የተማራችሁትን በቤታችሁ ቋንቋ ለቤት ሰው አስረዱ፣ የገባው ሰው ይፈርም፣ በነጋታው እናንተ በእንግሊዝኛ ትጽፉታላችሁ ይላል። ፈተናው በእንግሊዝኛ፤ ታዲያ ወላይትኛ ምን ሊሠራ? የእኔ ቤት ሕግ ይታወቃል። ከልጅ ጋር አማርኛ ወይ እንግሊዝኛ ብቻ። በኋላ እንዳትቸገር ብዬ ነው።
ዛሬ በእንግሊዝኛ አነበነበችልኝ። ስለ ሙቀት መሰለኝ። አነጋገሯ ያምራል። ምንም አልገባኝም። ፈረምኩ።

ረቡዕ ጥር 6
ጉድ ፈላ። መ/ር ማርቆስ የፈረሙ ወላጆችን ለቅዳሜ ጠራ። የገባችሁን ትነግሩናላችሁ ብሏል። ምህረትን የሙቀቱን ዲፊኒሽን ጻፊልኝ አልኳት። ሱቅ ውስጥ እየሸመደድኩ ነው። ደንበኛ ፍሬን ሸራ ሲለኝ ካንዴላ ሰጠሁት።
ባለቤቴ ወርቅነሽ ትስቃለች። "የምትፈተነው አንተ ነህ ወይስ እሷ?"
ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ከሐዋሳ ደወለ። ምህረት ለሁለተኛው መንፈቅ እሱ ጋ ትምጣ፣ ጥሩ የግል ት/ቤት አለ፣ እስከ ማክሰኞ ቁርጡን ንገረኝ አለ። እኔ ደስ አለኝ። እሷ አልሄድም ብላ ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

ቅዳሜ ጥር 9
መጻፍ አላሰኘኝም። ልጻፍ ግን።
ተማሪዎቹም ወላጆቹም ክፍል ተሰብስበው ተራዬ ደረሰ። ቆሜ በእንግሊዝኛ አወረድኩት። ሰው አጨበጨበ። መ/ር ማርቆስ በጨዋ ደንብ፣ "ጋሼ፣ በጣም ጥሩ። አሁን ምን ማለት እንደሆነ ለእነዚህ እናቶች በወላይትኛ ይንገሩልን" አለ።
ወላይትኛ ያደግኩበት ነው፣ እሱ አልጠፋኝም። የምናገረው ነው የጠፋኝ።
ምህረት ልታወጣኝ ተነሳች። በወላይትኛ ጀመረች፣ ሁለት ቃል ብላ ቆመች። ወላይትኛውን የእኔ ሕግ ወስዶባታል። ፊዚክሷም ለካ ከዲፊኒሽኑ አያልፍም። ከኋላ አንዱ "ፈረንጅቷ" አለ። ክፍሉ ሳቀ። አጠገቧ የምትቀመጠው ታደለች ብቻ አልሳቀችም። ይቺ ልጅ ከገጠር፣ ተበላ ከሚባል አገር በኩል መጥታ እዚህ ሶዶ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው።
ባጃጅ ውስጥ ምህረት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ቤት ስንገባ ሐዋሳ ላከኝ አለች። የፈለግኩት ይኼው መጣ። ታዲያ ለምን አልተደሰትኩም?

እሑድ ጥር 10
ከቤ/ክ መልስ። ታደለች ከአገር ቤት ቦዬ፣ ያንን የሚቀቀል ሥራሥር፣ ይዛልን መጣች። ከወርቅነሽ ጋር በወላይትኛ ወሬ ያዙ። ሕጉን ያስታወሰ የለም፣ እኔም አላነሳሁትም።
ቦዬው ተጣደ። ታደለች የብረት ማንኪያና የእንጨት ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ከታ ትንሽ ቆየችና ምህረትን ያዢ አለቻት። ማንኪያው አቃጠላት፣ ለቀቀችው። ማማሰያው ምንም። ለምን? ምህረት ያንን ዲፊኒሽን ጀመረች።
"ተይው እሱን። ለእኔ ለእናትሽ ንገሪኝ" አለች ወርቅነሽ።
እያደባለቀች ሞከረች። ቃል ሲያጥራት እናቷ ትሰጣታለች፣ ስትሳሳት ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች። የቅዳሜው ሳቅ ዓይነት አይደለም። ከዚያ ታደለችን በእንግሊዝኛ መጻፉ ቸገራት፣ ምህረት አቃናችላት።
እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ብረቱ ሙቀቱን እያቀበለ እጅ ጋ ያደርሳል፤ እንጨቱ ቶሎ አያቀብልም። ያን ሁሉ የሸመደድኩት ይህን ነበር?

ማክሰኞ ጥር 12
ትናንት ጥምቀት፣ ት/ቤት ዝግ። ጭንቀቱ ግን አልተዘጋም፦
1. ፈተናው አሁንም በእንግሊዝኛ ነው።
2. ዓመቱ ተጋምሷል።
3. ብሳሳትስ? በልጄ ላይ ሙከራ ቢሆንብኝስ?
4. ሐዋሳ ሄዳ ለማን ታስረዳለች? ዳዊት ማታ ነው የሚገባው።
ምህረትን አሁንም ሐዋሳ ልሂድ ነሽ ወይ አልኳት። እኔ እንጃ አለች። ታደለች ሐሙስ ትመጣለች፣ የብርሃንን ምዕራፍ አብረን እንሠራለን አለች። ይኼ መልስ ነው አይደለም? እንደ መልስ ያዝኩት።
ዳዊት ደወለ። እዚሁ ትቆያለች አልኩት። ተቆጣ፣ ትጸጸታለህ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።
ራት ላይ እኔው በወላይትኛ ጀመርኩ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ ብዬ። እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።
"ሕጉስ አባዬ?"
ቀርቷል አልኳት።
ብርሃን መስታወት ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚመለስ አስረዳችኝ። አልገባኝም አልኳት። ደገመችው። አሁንም አልገባኝም፣ ሳይገባኝ ደግሞ አልፈርምም። ተናደደች። ወርቅነሽ የእጅ ባትሪና መስታወት ፍለጋ ጓዳ ገብታለች። እስክትመለስ ነው ይህን የምጽፍልህ። መጣች፣ መብራቱን አጥፉ እያለች ነው፣ በጨለማ መጻፍ አልች…