ሳይደወል የተከፈተ ምልክት

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣ ይህ ወረቀት ባለህበት በደህና ይድረስህ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ እንዴት ሰነበተች? ትልቁ ልጅ ማንበብ ጀመረ? የትንሿስ ሳል ለቀቃት? እኛ አለን። አለን ስልህ እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሰው ሲመጣ ፈገግ ትላለች፤ እኔም ሥራዬን እሄዳለሁ። ከዚያ አልፌ ደህና ነን ብልህ ውሸታም እሆናለሁ።

የአባባን ማረፍ በስልክ የነገርኩህ ቀን መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር፣ አንተ ስታለቅስ እኔ ስጮህ ነገራችን ሳይጨበጥ ቀረ። እንዴት ሞቱ ብለህ ሦስት ጊዜ ጠየቅኸኝ፣ ሦስት ጊዜ ልባቸው ነው አልኩህ። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ግን አልነገርኩህም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ሆዴ አልፈጀውም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

የኋላው ክፍል እንደተውከው ነው። ሁለቱ አሮጌ በሮች እንደ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ አንተ የዘረጋኸው ሐዲድ በላያቸው አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስትሄድ ትንሹን ባቡር ገጣጥመህ ነበር፣ ምልክቶቹ ግን አልተሠሩም ነበር። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጣቢያው ምልክት ቤት ውስጥ ማንሻ ሲጎትቱ የኖሩ ሰው፣ ምልክት በሌለው መስመር ላይ ባቡር አይሄድም ብለው ባቡርህን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። አንዴ እንኳ ይዙርልን ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ነጂው ሲመጣ ነው አሉኝ። ነጂው አንተ መሆንህ ነው። እኔማ ያው የምልክቱን መብራት ለኳሿ ነኝ።

እውነተኛው ጣቢያ ሊፈርስ ሲል አባባ ሄደው እያንዳንዱን ምልክት ለክተው በደብተር ይዘው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ያንን ሜትር በሳንቲ ሜትር እየቀየሩ መሥራት ጀመሩ። ምሰሶው ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ፣ ክንዱ ከቲማቲም ቆርቆሮ፣ መሰላሉ ከእኔ የጸጉር ሽቦ፣ የመብራቱ ቀይና አረንጓዴ ከከረሜላ ወረቀት። መሰላሉ አሥራ ሰባት ደረጃ ነው፤ አንዱን ዘልዬ አሥራ ስድስት ባደርገው ሳይቆጥሩ በዓይናቸው ብቻ ያዙኝ። በየቀኑ መብራቱን ሊያጸዱ ሲወጡበት የኖሩትን እግራቸው ያውቀዋላ። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ወረንጦውንና አጉሊ መነፅሩን እያዋሰ እያዋሰ፣ በመጨረሻ የራሱን ዕቃ ከእኛ ቤት እየመጣ መዋስ ጀመረ።

አምና እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ ምልክት ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ የመግቢያው። ከሩቅ ለሚመጣው ባቡር ግባ ወይም ቁም የሚለው እሱ ነው። ክንዱ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ቁም፣ ወደ ታች ካዘነበለ እለፍ። እሱን እኔ ሠራሁት። ቀለሙን አብለጭልጬ ሳቀርብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ይህቺ ሙሽራ ናት እንጂ ምልክት አይደለችም አሉ። በጥላሸትና በጡብ ዱቄት አሽተን አስረጀናት። ከዚያ መቀስ አምጪ አሉኝና ክንዱን ከማንሻው ጋር የሚያገናኘውን ክር ፊቴ ላይ ቆረጡት። ክንዱ ዱብ ብሎ አዘነበለ።

«አየሽ፣ እለፍ አለ» አሉኝ። «ሽቦው ተበጥሶ እለፍ የሚል ምልክት ሰው ይገድላል። የተበጠሰ ነገር ሁሉ ቁም ማለት አለበት።»

ለካ በእውነተኛው ምልክት ላይ ከክንዱ ጀርባ ያለችው ክብደት ለጌጥ አልነበረችም። ክሩ ሲላላ ክንዱን ወደ ቁም የምትመልሰው እሷ ናት። ጎማ ቤት ሄጄ ለጎማ ሚዛን የሚለጥፉትን እርሳስ ለመንኩ፣ ቆርጬ ገጠምኩ። ክሩን ብቀጥለው ድጋሚ ቆረጡት፣ ክንዱ ተመልሶ ቀጥ አለ። ያን ቀን ግንባሬን ሳሙኝ። ከልጅነቴ ወዲህ ስመውኝ አያውቁም ነበር።

እንግዲህ አሁን ወደሚከብደኝ ደረስኩ። ጥር ላይ ደውለህ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ ያልከውን ታስታውሳለህ? ስልኩን በድምፅ ማጉያ ስለከፈትኩት አባባ ሰምተዋል። አንተ ስልክ ላይ ምላስህ ማር ነው፣ እኛም ላስን። በማግሥቱ ጠዋት የኋላው ክፍል ስገባ የመግቢያው ክንድ አዘንብሎ አገኘሁት። አባባ ማንሻውን ጎትተው፣ ወንበራቸውን አጠገቡ አድርገው፣ የተላጨ ፊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ፣ ሁለታችንንም አስጠንተውናል። የላይኛው ጣቢያ ባቡሩ ተነሳ ብሎ ደወል ካልመታ ምልክት አይከፈትም። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ባቡሩ እስኪገባ አይዘጋም። እኔ እንደ ልማዴ ላሾፍባቸው፣ አባባ፣ የላይኛው ጣቢያ ደወለ እንዴ አልኳቸው። ክንዱን እያዩ መለሱልኝ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይደወልልኝ ከፍቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ለልጄ ብከፍት ምን አለበት?»

የካቲት ወጣ። መጋቢት ወጣ። ስንደውል አታነሳም፣ ስታነሳም ሥራ ላይ ነኝ ትላለህ። ምን እንደገጠመህ አላውቅም፣ የሰው አገር ኑሮ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ አልኖርኩበትም፤ ልፈርድብህ አልችልም። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ እዚህ የደረሰው ቃልህ ብቻ ነበር። አባባ ከቁርስ በኋላ ይገባሉ፣ እስኪመሽ ይቀመጣሉ። ሐዲዱ ላይ የወደቀውን አቧራ በብሩሽ ያነሳሉ። እማዬ ልጁ ሲመጣ ይከፈታል፣ አሁን መልሰውት ይውጡና አረፍ ይበሉ ብላ ብትለምናቸው አንድ ነገር ነው ያሏት።

«መንገድ ላይ ከሆነስ? ተከፍቶልኛል ብሎ እየመጣ ፊቱ ላይ ልዝጋበት?»

ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው አረፉ። አጉሊ መነፅሩ ጭናቸው ላይ ነበር። ክንዱ እንዳዘነበለ ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሲበዛ ጠረጴዛውን አንስተን ወንበር እናስገባ ሲሉ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሰው ሁሉ አበደች ሳይለኝ አልቀረም።

ያለፈው ሐሙስ ክፍሉን ሳጸዳ የእጅጌዬ ቁልፍ ክሩን ያዘው። ሳላየው ሳብኩት፣ ተበጠሰ። ክንዱም ቀስ ብሎ ተነስቶ ቀጥ አለ። የጎማ ቤቱ እርሳስ ሥራዋን ሠራች፣ አባባ እንዳስተማሩኝ። ወንድም ጋሼ፣ ሲቀበሩ እንኳ ሰው አለ ብዬ ይዤው የቆየሁትን ለቅሶ ያን ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ አወጣሁት። የሞቱት ያኔ መሰለኝ።

ክሩን ልቀጥለው ወረንጦ ተውሼ መጥቼ ነበር። ሳልቀጥለው መልሼ ሰጠሁት። አባባ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ደንብ ጣሱ፣ ያቺን አንዷን መልሰው መዝጋት አቅቷቸው ሄዱ። እኔ የሳቸው ልጅ ነኝ፣ ግን እንደሳቸው መጠበቅ አንጀቴ አይችልም። ስለዚህ እመጣለሁ ብለህ አትጻፍልኝ። ስትሳፈር፣ ያን ዕለት፣ ተነሳሁ በለኝ። ዕለቱን ክሩን ቀጥዬ እከፍትልሃለሁ፣ ባቡርህንም ከካርቶኑ አወጣዋለሁ። እስከዚያ ግን ቁም እንዳለ ይቆያል። ጠልቼህ አይደለም፤ ደንቡ ነው።

ባለቤትህን አቅፈህ ሳምልኝ፣ ይህንን ደብዳቤ ግን አታንብብላት። ትልቁን ልጅ አክስትህ መሰላል መሥራት ታስተምርሃለች በለው፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ስትጽፊለት እንዳትቆጪው ብላኛለች፣ ሳልቆጣህ እንደጻፍኩ ነግሬያታለሁ፤ ሹራብ ትለብስ እንደሆነም ጠይቂው ብላለች። ሰዓት ሠሪው ሰላም ይልሃል፤ ሥራ ሲፈታ መጥቶ ከእኔ ጋር ይቀመጣል።

የአባባ ሰላምታ ሁልጊዜ ከደብዳቤዬ ግርጌ በራሳቸው እጅ ነበር የሚጻፈው። ቦታውን እንደ ወትሮው ትቼላቸዋለሁ፤ ባዶውን ስታይ ረስቼው እንዳይመስልህ።

መብራት ለኳሿ እህትህ

ከኋላው ክፍል፣ ከጠረጴዛው ዳር
ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን