ምርጥ አውራ ስለተባለው በግ

ለተከበሩ የእንስሳት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለወገብዎ ጤንነትን እመኛለሁ። ወገብዎን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ደብዳቤው ራሱ ያስረዳዎታል።

እኔ ከወንዙ ማዶ ባለችው ቁራሽ የግጦሽ መሬት ላይ አሥራ ሁለት እናት በጎች የማረባው ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በፊርማዎ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ በጎቼ ዓመቱን ሙሉ አንድም ግልገል እንዳልወለዱ፣ ምክንያቱም «የአርቢዋ የዕውቀት ማነስ» እንደሆነ፣ ስለዚህም መሬቱ በመጪው ሐሙስ በኮሚቴ ውሳኔ ለሌላ አርቢ እንደሚተላለፍ ይገልጻል። ስለ ዕውቀቴ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። በእንስሳት እርባታ የተመረቅኩበትን ዲግሪ ሳሳይዎት «ልጄ፣ በግ በመጽሐፍ አይረባም» ብለው የመከሩኝንም አልረሳሁም። ሆኖም ይህን ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ ያደረግኩት፣ ከሐሙስ በፊት ሕዝብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቃቅን ነጥቦች ስላሉኝ ነው።

አንደኛ፣ ምርጥ ዘር አውራ በግ እንዲሰጠኝ፣ አስቀድሞ የነበረኝን አውራ እንድሸጥ በውል አስገደዱኝ። ያ በግ እርግጥ ያነክሳል፤ መልኩም ለፎቶግራፍ አይመችም። በየዓመቱ ግን ከአሥራ አምስት የማያንሱ ግልገሎች አባት ይሆን ነበር።

ሁለተኛ፣ ምርጡ በግ በሁለት መኪና ታጅቦ መጣ። ከእርስዎ ጋር ሦስት ባለሙያዎች፣ አንድ ፎቶ አንሺና አራት ገጽ ንግግር ነበሩ። ቀንዱን ይዘው «የነገው መንጋ አባት» ሲሉ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ጥፋቴን አልክድም። ሰው ከተበተነ በኋላ ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ ከበጉ ኋላ ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ ልጄ፣ ይሄ እኮ ሙክት ነው! ከተኮላሸ ስንት ጊዜው!» አለችኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ ያን ቀን ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ይህንኑ በጽሑፍ አመለከትኩ። «አካባቢውን እስኪለምድ ይታገሡት» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ። ደግሜ አመለከትኩ፤ «መኖ ይጨምሩለት» ተባልኩ። ጨመርኩለት። ድርቆሹንም ፉርሽካውንም ከእናቶቹ ድርሻ እየቀነስኩ አበላሁት። እናቶቹ ከሱ፤ እሱ በበረቱ በር አልገባ እስኪል ሰባ። የሚያደክመው ሥራ ስለሌለው አልፈርድበትም። የበግ እርባታ ያዋጣል ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ ሁሉ፣ ወጪው እኔ ዘንድ እንዳለ፣ ትርፉ ግን እርስዎና ሙክቱ ተቃቅፋችሁ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ሆኖ በመሥሪያ ቤትዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት እንደተሰቀለ እነግራቸዋለሁ።

አራተኛ፣ ውሉ ሌላ አውራ ወደ በረቴ እንዳይገባ ይከለክላል። ጥሼዋለሁ። ከሦስት ወር በፊት ያንን አንካሳ በግ ከገዛው ጎረቤቴ ተዋስኩት፤ ከአሥራ ሁለቱ እናቶች አሥሩ አርግዘዋል። ማስረጃ ፍለጋ እንዳይደክሙ ይኸው በጽሑፍ አምኛለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ይወልዳሉ፤ የሚወልዱትም እዚያችው መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሙክቱን እየነዳሁ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ከመሬቴ እንድነሣ የሚፈልግ አባል ካለ፣ አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ ይመልከትና ያየውንም ያላየውንም በቃለ ጉባኤ ያስመዝግብልኝ።

ዲግሪዬ ያላስተማረኝን ትዕግሥት መሥሪያ ቤትዎ በአንድ ዓመት ስላስተማረኝ ወደር ከሌለው ምስጋና ጋር፣

ዕውቀት የሚያንሳት፣ ከመሬቷም የማትነቃነቀው አርቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መሥሪያ ቤትዎ ለበላይ አካል በላከው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ፣ የእኔ በረት ከምርጡ አውራ ሃያ አራት ግልገሎች እንዳገኘ በራስዎ ፊርማ ሰፍሮ አነበብኩ። መሬቴን የሚነጥቀኝ ደብዳቤም የተፈረመው በዚያው ዕለት ነው። ግልገሎቹ እርስዎ ዘንድ ከሆኑ እባክዎ ይላኩልኝ፤ እናቶቻቸው እስካሁን አላዩአቸውም።