ከጄት ክንፍ ሥር የተወነጨፈችውን ሳተላይት ያዳመጡት የአቶ ቨርጂል ሃልቮርሰን የሕይወት ታሪክ

አቶ ቨርጂል ሃልቮርሰን ከአባታቸው ከአቶ ኔልስ ሃልቮርሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲግሪድ ቱፍተ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1927 በሰሜን ዳኮታ፣ ከማይኖት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የስንዴ እርሻ ተወለዱ። በአካባቢያቸው በነበረው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። የአጎታቸውን የተበላሸ ሬዲዮ ፈታተው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን ተርፏቸው፣ ሬዲዮው ግን እንደ ጉድ መናገሩን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

በ1945 ባሕር ኃይል ገብተው የሬዲዮ ሙያ ከተማሩ በኋላ በካሊፎርኒያ በረሃ በሚገኝ አንድ የሙከራ ጣቢያ ተመደቡ። በ1951 የጣቢያው ምግብ ቤት ሠራተኛ የነበሩትን ወይዘሮ ዋንዳ ፕሩይትን አግብተው ሎርናንና ዴልን ወለዱ።

በ1958 የሙቀት ወራት ጣቢያው ሳተላይትን ከምድር ሳይሆን ከአየር ላይ ለማስወንጨፍ በምስጢር ተነሣ። ጄቱ ሮኬቱን በክንፉ ሥር ይዞ ሽቅብ ይወጣና ይለቀዋል፤ ሮኬቱ ደግሞ ከአንድ ኪሎ የማትበልጠውን ሳተላይት ምድርን እንድትዞር ይወረውራታል። አንዱ ሮኬት ፈነዳ፣ ሌላው ባሕር ገባ። የአቶ ቨርጂል ሥራ በረሃው መካከል በቆመች የቆርቆሮ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሳተላይቷ ዞራ ስትመለስ ድምፅዋን መያዝ ነበር።

በሦስተኛው ሙከራ፣ ልክ በተባለው ደቂቃ፣ ስስ ድምፅ ለዘጠኝ ሰከንድ ሰሙ። ጣቢያው በእልልታ ሊናድ ደረሰ። አቶ ቨርጂል ግን ዞር ሲሉ የመኪናዋ አየር ማቀዝቀዣ እየሠራ ነው። ሞተሩ ሬዲዮ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያሰማ በማዳመጫ ሰዓት እንዲጠፋ ጥብቅ ደንብ ነበረ። ባልደረባቸው በሙቀቱ ራሱን ሊስት ሲል ለጥቂት ደቂቃ ብለው የከፈቱት እሳቸው ነበሩ፤ ማጥፋቱን ረሱት።

አለቃቸው አቶ ሮይስ ኪምቦል ወረቀት ይዘው መጡ። «ቨርጂል፣ አንዲት ቃል ናት! ‹ዞራለች› ብለህ ፈርምና እንገላገል። የዚህ ሁሉ ሰው ልፋት ባንተ እጅ ነው።»

«ድምፅ ሰምቻለሁ። የሷ ይሁን የማቀዝቀዣው ግን አላውቅም።»

«ስለ ማቀዝቀዣው ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።»

ጻፉትም። የቀሩት ሙከራዎች አልሰመሩም፣ ሥራው ተዘጋ፤ የአቶ ቨርጂል ዕድገትም በዚያው ቀረ። አቶ ሮይስ ለብዙ ዓመታት ሰላምታ ነፈጓቸው። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ቂም ይዘው ሳያዩአቸው እስከ 1984 በጣቢያው መሣሪያ እየጠገኑ ሠርተው ጡረታ ወጡ። በየገናው በእናታቸው አሠራር ስስ የድንች ቂጣ ሲጋግሩ ለአቶ ሮይስ ቤትም ይልኩ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የሥራው ምስጢርነት በይፋ ሲነሣ ወይዘሮ ዋንዳ ጉዳዩን ከጋዜጣ አነበቡ። «አንተ ውሸታም! ያን ጊዜ ላብ በላብ ሆነህ ስትመጣ ማቀዝቀዣ አስቸግሮኝ ነው አላልከኝም?» ቢሏቸው «ዋንዳዬ፣ እሱስ እውነት ነበር» አሏቸው። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በ2011 በልብ ድካም አልጋ ላይ ሲውሉ አቶ ሮይስ በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ጠየቋቸው። ልጃቸው ሎርና አጠገባቸው ሆና ሰምታለች።

«ሃምሳ ዓመት ዞራለች ስል ኖርኩ። እሺ ያላልከኝ አንተ ብቻ ነህ። አሁን እንግዲህ አለቃም የለም፣ ጣቢያም የለም፤ ምን ታምናለህ?»

«ዞራለች ብዬ አምናለሁ።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ብትጽፈው!»

«የጠየቃችሁኝ የሰማሁትን እንጂ ያመንኩትን አይደለማ።»

አቶ ሮይስ እጃቸውን ጨብጠው አለቀሱ።

አቶ ቨርጂል ኖቬምበር 3 ቀን 2011 በተወለዱ በ84 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ሐኪሞች፣ ጎረቤቶችና ለአቶ ሮይስ ምስጋናችን ከልብ ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን። እሳቸው በማያውቁት ነገር ፈርመው አያውቁም፤ እኛም የምናውቀውን ብቻ እንጽፋለን፦ አባታችን ደግ ሰው ነበሩ። ይህንን ሁላችንም ፈርመናል።