ሁለቱን የአየር ቀዳዳዎች ለደፈኑልን ኃላፊ

ለተከበሩ የሰፈራችን የቤቶች ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በደረቅ ክፍል ውስጥ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ግድግዳዬን ግን አሁንም ያልበዋል።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ።

፩. የእግረኛውን መንገድ ሲያነጥፉ፣ ከቤታችን ወለል ሥር ያለው ክፍል የሚተነፍስባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች ለሰፈሩ ውበት ሲባል በሲሚንቶ ስለደፈኑልን እናመሰግናለን። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ክፍል ስትሰፋ በቀዳዳዎቹ በኩል የሚታያት የመንገደኛ እግር ብቻ ስለነበር፣ ደንበኞቿን ገና ሳይገቡ በጫማቸው ትለያቸው ነበር። ከዚህ ጣጣ ገላግለዋታል።

፪. አዲሱ ንጣፍ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ግድግዳችን እንዲያዘነብል መደረጉም አርቆ አሳቢነት ነው። የዝናቡ ውሃ የት ገባ ብለን ከእንግዲህ አንጨነቅም፤ እኛ ቤት ነው ያለው።

፫. አቤት ስንል የላኩልን ባለሙያ ግድግዳውን በጣቱ ነክቶ፣ ጣቱን በባለቤቴ ጨርቅ ጠርጎ፣ እርጥበቱ የሚመጣው ከነዋሪዎቹ ትንፋሽ እንደሆነ አስረድቶናል። መስኮት እንድንከፍትም መክሮናል፤ መስኮት በሌለው ክፍል። ባለቤቴ ምክሩን በአክብሮት ተቀብላ ትንፋሿን እየቀነሰች ሄዳ፣ በመጨረሻ ደረጃውን መውጣት አቃታት። ሐኪሟ ቤቱ እስኪደርቅ ድረስ እንዳትገባበት ስለከለከላት አሁን እህቷ ዘንድ ናት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሠራተኞችዎ ሻጋታውን ነጭ ቀለም ቀብተውት ሲሄዱ ግን ምን ብዬ እንደምጽፈው ጠፋኝ። ሻጋታው ከእናንተ ይልቅ ታማኝ ነው፤ ተመልሶ መጥቷል።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ፤ ንጣፉም ወደ መንገዱ ያዘንብል። መዶሻ አንስቼ ራሴ እንዳልከፍታቸው፣ የሕዝብ ንብረት ማበላሸት ወንጀል መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያ የለጠፋችሁት ልክ ቀዳዳዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ነው።

ባለቤቴ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ከበሩ አታልፍም፤ እሷ ውጭ ወንበር ላይ፣ እኔ ደፉ ላይ ተቀምጠን በዚህ ዕድሜያችን እንደ እጮኛሞች እንጫወታለን። ልትሄድ ስትነሳ ቤቱ ደረቀ ወይ ትለኛለች። እኔም ሊደርቅ ነው እላታለሁ።

ሳንባዎ ሳይታክት እንዲያገለግልዎ፣ ደረጃዎችንም ሁሉ ያለ እረፍት እንዲወጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን በረጠበ ወረቀት ላይ በታላቅ አክብሮት የጻፍኩልዎ፤

የልብስ ሰፊዋ ባል

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ቤቱ ደረቀ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። የስፌት መኪናዋን እንድልክላት ብቻ ነው የጠየቀችኝ። መኪናው ከባድ ነው። ቀዳዳዎቹን የደፈኑት ሠራተኞችዎ ጉልበታቸው የተመሰከረለት ስለሆነ፣ ሁለቱን ቢያውሱኝ ተጋግዘን እናወጣላታለን። ከዚያ በኋላ ስለ ቀዳዳዎቹ መቸገር አያስፈልግዎትም፤ እታች የሚተነፍስ ሰው አይኖርም።