የወሰድክብኝ ኮሎኔል

ይድረስ ለአበልጄ፣ ኤርድሪ ከተማ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ፣ ልጄን ናሆሚን ክርስትና ያነሳችልኝ፣ ደህና ናት? እኛ እዚህ ካልጋሪ፣ ሲቲስኬፕ ሰፈር ያለነው ከእኔ ንዴት በቀር ደህና ነን። ሰላምታ ያስቀደምኩት አሳዳጊ የበደለው እንዳልባል ብዬ ነው እንጂ ላንተስ የሚገባህ ሌላ ነበር።

ቅዳሜ ሰንሪጅ ሞል አጠገብ ለመጽሐፍ ምረቃ በተከራየኸው አዳራሽ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። መጽሐፉን አየሁት። «የኮሎኔል ኬልስዶርፍ ሕይወት» ይላል፤ ከሥሩ ተርጓሚው አንተ። ሰው ሲያጨበጭብልህ እኔም አጨበጨብኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

መኮንኖች ሳለን ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና የተላክን ጊዜ ያንን መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጫማ አይሻልህም ነበር ወይ ብለህ የሳቅህብኝ አንተ ነህ። እዚህ ካልጋሪ ኤርፖርት የታክሲ ተራ ስጠብቅ፣ ደብተሬን መሪው ላይ አስደግፌ አሥራ አራት ዓመት ተረጎምኩት። በልጅነቱ ወታደር ቤት የተሰጠ የፕሩሺያ ልጅ፣ ከዴንማርክ ጋር ሲዋጉ አንድ ጆሮው የደነቆረ መቶ አለቃ፣ ከኦስትሪያ ጋር ሲዋጉ ፈረሱ ከሥሩ የተመታበት ሻምበል፣ ፈረንሳይ ምድር ላይ የወታደሮቹን ግማሽ የቀበረ ሻለቃ፣ በመጨረሻም ጡረታ ወጥቶ ንብ እያረባ የሞተ ኮሎኔል። ከገዛ አባቴ ይልቅ እሱን አውቀዋለሁ።

ጀርመንኛህ ከእኔ ስለሚሻል ስሞቹን እይልኝ ብዬ የሰጠሁህ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። በጠየቅኩህ ቁጥር «ሺፍት በዛብኝ፣ በዚህ ዊኬንድ አየዋለሁ» ትለኝ ነበር። ቄስ ፊት የተዛመድኩት ሰው ነውና ምን ብዬ ልጠርጥር! ሌላ ሰው ቢያደርገው እረሳው ነበር። አንተ ስለሆንክ አንጀቴ አረረ።

ናሆሚ ስትሰማ አበደች። «አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ ታይፕ ያደረግኩት! ፋይሉ ላፕቶፔ ላይ አለ፣ ሎየር እንያዝ» አለችኝ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሼ መንገሻም ሽማግሌ ይዞ ሊመጣብህ ተዘጋጅቶ ነበር። ማስረጃ ካለህ ስጠኝ፣ ባዶ እጄን ፊቱ አልቆምም አለኝ።

ማስረጃ አለኝ። ዘጠነኛው ምዕራፍ በጀርመንኛው መጽሐፍ ውስጥ የለም። ብታመሳክር እንደሌለ ትደርስበት ነበር፤ ስንፍናህ አልለቀቀህም። ኬልስዶርፍ ጓደኛውን አሳልፎ አልሰጠም። መርማሪ ፊት ቀርቦ አልፈረመም። ማዕረጉንም በዚያ አላገኘም። ምስኪን ሰውዬ፣ የማያውቀውን ኃጢአት ጫንኩበት። ምዕራፉን ታክሲዬ ውስጥ ሆኜ ከራሴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ታነበዋለህ ብዬ ነበር የጻፍኩት።

አንተም ከሁሉም መርጠህ እሱኑ ለሕዝብ አነበብከው። አንብበህ አለቀስክ። በሰማንያ አንዱ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር ታስረህ ሁለት ዓመት እንደማቀቅክ፣ የጠቆመብህን ሰው እስከ ዛሬ እንደማታውቀው ነገርካቸው። አዳራሹ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠልህ።

እንግዲህ የናሆሚን ፋይል ይዤ ብቀርብ መጀመሪያ የምጠየቀው ይህ ምዕራፍ ከየት መጣ ተብሎ ነው። መጽሐፌን ላስመልስ ካልኩ ጥያቄውን መመለስ አለብኝ። ለጋሼ መንገሻ ተወው አልኩት። ናሆሚን ሎየር የለም አልኳት፤ ከዚያ ወዲህ አባቴ ፈሪ ነው ብላ አኩርፋኛለች። እውነቷን ነው፤ የምን ፈሪ እንደሆንኩ ግን አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህና ልጨርስ። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የኬልስዶርፍ ጓደኛ ምሳ ላይ ስለ ንጉሡ «ሰውዬው ጦርነትን የሚያውቀው በካርታ ነው» ይላል። እዚያ ስትደርስ መስመሩን ሁለቴ አነበብከው፤ ያሳሰረህ ቃል ነውና አወቅከው። ያንን ቃል የተናገርክ ዕለት፣ ገበታው ላይ ስንት ሆነን ነበር?

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ለባለቤትህም ዕድሜ ይስጥልኝ። መጽሐፉ ያንተ ይሁን።

አበልጅህ