የኋላ ማርሹን አላስተማርከኝም

ውድ ወንድሜ ግራሲያን፣

ስልክ አላነሳም አልክ፤ ከአባባ ጋር ተጣልተህ ኖርዌይ ከገባህ ወዲህ የኛን ቁጥር ስታይ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ግን ሰው ሳይከፍት አይጥልም ብዬ፣ የጎረቤታችን ልጅ ነገ ወደዚያው ስለሚበር በእጁ እልክልሃለሁ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ በጽሑፌ እንዳትስቅ።

ሹፌራችን ጋሽ ቦኒፋቲ ወደቁ። አልሞቱም። ትናንት ቀዳም ሥዑር፣ እኛ የመንደሩ እሳት አደጋዎች እንደ ወጉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሠራውን የጌታ መቃብር በዘብ ቆመን ስንጠብቅ ነው። ዘንድሮ እኔንም አቆሙኝ፣ ያንተን ሄልሜት አድርጌ፣ አፍንጫዬ ድረስ እየወረደብኝ። ጋሽ ቦኒፋቲ የራሳቸውን ተራ ጨርሰው ያንተንም ደርበው ቆሙ፣ ሰው የለማ፣ ያውም በባዶ ሆዳቸው። ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ፣ እኛ ወደ በሩ ስንሮጥ እሳቸው እንደቆሙ በግንባራቸው ተደፉ።

እሳቱ የተነሳው የእማማ ሌዎካድያ በረት ላይ ነው። እንደየዓመቱ አንዱ ሜዳው ላይ ደረቅ ሳር ለኩሶ ንፋሱ ወሰደው። የእሳት አደጋ መኪናችንን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ማርሹ ካንተና ከጋሽ ቦኒፋቲ በቀር ለማን ይታዘዛል? ወንዶቹ ትራክተር ይነዳሉ እንጂ እሱን አይደፍሩም፣ ቆመው ይተያያሉ። እኔን ግን ሜዳ ላይ አስተምረኸኛል፣ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጦ ማስገባቱን። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ የጽሑፍ ፈተናውን ወድቄ የለ። ብቻ ወጣሁበት፣ እንዴት እንደወጣሁም አላውቅም።

ከመኪናው ማደሪያ ብቅ ስል መንገዱ ሙሉ ቅርጫት ነው! ሰዉ ቄሱ እንዲባርኩለት የፋሲካ እንቁላሉንና ቋሊማውን ደርድሮ። ጡሩምባ ነፋሁ፣ ያነሳ አነሳ፣ የቀረው ቀረ። ወደኋላ ብዬ ልዞር አልችልም፣ እሱን መቼ አሳየኸኝ? ነዳሁበት። የእንቁላሉ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ላሟን አወጣናት፣ የበረቱ ጣራ ሄደ፣ ቤቱ ተረፈ። እማማ ሌዎካድያ እጄን ይዘው አለቅም አሉ።

ከዚያ ፖሊሱ ኮርዲያን መጣ። ማን ነው የነዳው ሲል ሰዉ ባንድ አፍ ጋሽ ቦኒፋቲ አለ። ጋሽ ቦኒፋቲ እኮ በአምቡላንስ ሄደዋል፣ እግራቸውን ይዞ ያስገባቸውም ራሱ ኮርዲያን ነው። እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

“ጋሽ ቦኒፋቲማ የኔን ቅርጫት አይረግጡም ነበር” አለና ሄደ።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፣ ምክንያቱም ስመለስ መኪናውን በፊቱ አስገባሁት፣ አፍንጫው ግድግዳው ጋ ነው። አሁን የሚወጣው በኋላ ማርሽ ብቻ ነው። እሞክራለሁ፣ ይንቋቋል እንጂ አይገባም። ውሃ ስለተሞላ ሊገፉት ቢሉ ንቅንቅ አልል አለ፣ ውሃውን እንዳናፈሰው ደግሞ እሳት ቢነሳስ? ጋሽ ቦኒፋቲን ልጠይቅ ብል ጭንቅላታቸውን ስለተመቱ ማንም አያናግራቸው ተባለ። ንፋሱ አልቆመም። የጎረቤት መንደር መኪና እስኪደርስ ደግሞ ቤት አመድ ይሆናል። ውሻ ባላዘነ ቁጥር ሳይረን እየመሰለኝ እነሳለሁ። ዛሬ ፋሲካ ነው።

አባባ ገበታው ላይ፣ “ልጄ ቢኖር” አለና ዳቦውን መቁረስ ጀመረ። እኔ አልጨመርኩበትም፣ እንዳለው ነው የጻፍኩልህ።

ቦቲ ጫማህን አድርጌያለሁ፣ ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄበታለሁ። ከመጣህ ጋዜጣውን አወጣልሃለሁ። ካልመጣህም አልቀየምህም፣ ግን የኋላ ማርሹ እንዴት እንደሚገባ ደውለህ ንገረኝ። ከአባባ ጋር አላገናኝህም፣ እምልልሃለሁ። ስልኬን እጄ ላይ ነው የያዝኩት።

እህትህ ዩስቲና፣
እዚሁ መኪናው ውስጥ፣ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ